ላልታየ ሰው መርፌ የለም

ገዳሪፍ
ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለባሌ ለአስናቀው፤ ሀዋታ፣ ከሰሊጥ አጫጆች ሰፈር

ጋረደው፣ የምታነብለት አንተ ነህና መጀመሪያ የምናገረው ላንተ ነው። ይችን ጮኸህ አታንብብ። ወረቀቱን እጠፍና አስናቀውን ይዘኸው ከሰፈሩ ውጣ፤ ከሰሊጡ ነዶ ኋላ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ቀጥል። የደብዳቤ ለት ሰፈሩ ሁሉ ከብቦህ ይሰማል አሉ፤ ዛሬ እንዲያ አይሆንም። ደግሞ ቃል እንዳትዘል። የሚያሳፍር ቃል አለበት። እኔ ሴቲቱ ከጻፍሁት አንተ ወንዱ ማንበብ አያቅትህም።

አሁን ከሰው ራቅ ብላችኋል ብዬ ልቀጥል።

አስናቀው፣ እንደምን ከረምህ? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ስታጭድ ማታ ቀና ማለት እንደሚያቅትህ አውቃለሁ። በደብዳቤ «ካንተ ናፍቆት በቀር እኔ ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ያመመኝም ናፍቆት አይደለም። ተናድጃለሁ። ባንተም፣ በሐኪሟም፣ በበለጡም፣ በራሴም ተናድጃለሁ። ስናደድ ጽሕፈቴ ይንጋደዳልና ጋረደው ይታገሠኝ። ያም ሆኖ መሠረተ ትምህርት የገባሁት እኔ ነኝ። አንተ ቀበሌው በጠራህ ቁጥር «በሬ ጠፋኝ» እያልህ ስትሸሽ ኖረህ፣ ይኸው ዛሬ የሚስትህን ነገር በሰው አፍ ትሰማለህ።

ልጁ ደህና ነው። ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ሰሊጥ ላበጥር ቁጭ ስል ጎኔን በእግሩ ይለኛል፤ ኃይለኛ ነው። ሥራውን አልተውሁም፣ ግን ጆንያ አልሸከምም። የመጋዘኑ ዘበኛ አያ አንዳርጌ ይሸከምልኛል። ስለ እሱም እነግርሃለሁ፤ ጉድ አለ።

የላክኸው ተምርና ከርከዴ በሎሪው ሹፌር እጅ ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ጉበት ብዪ ያልኸውንም ሰምቻለሁ። ግን ለምን እንደላክኸው ሳስበው መሣቅም ማልቀስም ይቃጣኛል። በጥቅምት መጀመሪያ «ሐኪም ደሜን አይታ የደም በሽታ አለብሽ ብላኛለች፤ አንተም ሳይኖርብህ አይቀርምና ታይ» ብዬ ጻፍሁልህ። አንተ ደም አነሳት ብለህ ያገኘኸውን ቀይ ነገር ሁሉ ሰብስበህ ላክህ። «የኔ ደም እንኳ ሙሉ ነው፣ ለኔ አታስቢ» የሚልም ጨመርህበት። እኔም ያኔ ካንተ የበለጠ አላውቅም ነበርና አልፈርድብህም። ከርከዴውን እያፈላሁ ስጠጣ ከረምሁ።

ጥፋቱ የበለጡ ነው። በለጡን ታውቃታለህ፤ ያች ክሊኒኩን የምትጠርገው፣ ለኛ ላገሯ ሰዎች ደግሞ ዓረብኛውን የምትተረጉምልን የደንቢያዋ ሴት። ሐኪሟ ሂያም የምትባል ሱዳናዊት ናት። የጥቅምቱ ለት የደሜን ውጤት አንብባ ረዥም ነገር ተናገረች። በለጡ ወደ መሬት እያየች «የደም በሽታ ነው ትላለች፣ ባልሽም ይታይ ትላለች» አለችኝ፤ በቃ። መርፌው ከካርቱም እስኪመጣ አንድ ወር ጠብቂ ተብዬ ተመለስሁ።

ኅዳር አምስት ቀን ለመጀመሪያው መርፌ ሄድሁ። ሂያም ካርዴን አንሥታ ሰው በተሰለፈበት «ዙህሪ» ስትል አጠገቤ የነበሩት ሁለት የሱዳን ሴቶች ቶባቸውን ሰብስበው ከአግዳሚው ተነሡ። እኔ የገበያ ዓረብኛ ነው የማውቀው፤ ሰሊጥ፣ ጆንያ፣ ነገ ነይ፣ ይኸው ነው። ይህን ቃል አላውቀውም። ግን ሰው ከአጠገቤ ሲሸሽ አውቃለሁ።

«በለጡ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ ምንድን ነው ያለችው?»

«አልሁሽ እኮ፣ የደም…»

«የደም ምን?»

መጥረጊያዋን ስታገላብጥ ቆየችና «ቂጥኝ» አለች። «እንዴት አድርጌ ልበልሽ? ባለ ትዳር ነሽ፣ ያገሬ ልጅ ነሽ፣ አፌ እንቢ አለኝ።»

ጋረደው፣ ቃሉን አንብበህለታል? ካልሆነ ተመለስና አንብብለት። ቂጥኝ ነው አስናቀው። ከርከዴ አያድነውም። የበለጡ አፍ እንቢ ስላለ አንድ ወር ሙሉ እኔ ተምር ስበላ፣ አንተ ደግሞ ደምህ ሙሉ ሆኖ ሀዋታ ላይ ስትንጎራደድ ከረምህ።

ቀጥላ ሂያም ስንት ጊዜ አርግዘሽ ታውቂያለሽ አለችኝ። ሦስት ጊዜ አልኋት። የመጀመሪያው በሰባት ወሩ ወረደ። ሁለተኛው ሞቶ ተወለደ። ሦስተኛዋ፣ አንተ አቅፈሃት የነበረችው፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረች። «ሾተላይ ነው» አልኋት። ለሁሉም የምሰጠው መልስ ነው፤ አፌ ለምዶታል። በለጡ ሾተላይን በዓረብኛ የምትለው ብታጣ «ጂን አለባት» ብላ ተረጎመችልኝ። ሂያም እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

«ጂን የለም!» አለች። «ልጆቹን የገደለው ዙህሪ ነው። በሆድሽ እያሉ ነው የያዛቸው። በሦስት መርፌ ይድን ነበር።»

ሦስት መርፌ፣ አስናቀው። በሳምንት አንድ፣ ሦስት ሳምንት። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ክታብ በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ የጥቁር ዶሮ ደም ተቀብቼ፣ እናትህ ከመተማ የላከችውን ሥር እያኘክሁ፣ ሰው ልጁን ታቅፎ ሲያየኝ ዓይኗ እንዳያርፍበት ብሎ ሲሸሸኝ ዝም ብዬ ኖርሁ። አራስ ቤት መግባት ተከለከልሁ። አንተም ከጓደኞችህ ጋር ስትጫወት «የኔዋ ሾተላይ አለባት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ለት ከክሊኒኩ ስወጣ ክታቡን በጥርሴ በጥሼ ጣልሁት። እንዲያ አልቅሼ አላውቅም፤ ትንሿን የቀበርን ለት እንኳ።

በነጋታው ተመልሼ ሄድሁ። ሂያም ባልሽ ካልታከመ መርፌሽ ከንቱ ነው፣ መጥቶ አብሮሽ በተኛ ለት እንደገና ሊይዝሽ ይችላል ብላኝ ነበርና፣ «እንግዲያው የሱንም ስጪኝ፣ በሎሪ እልክለታለሁ፣ ሀዋታ መርፌ የሚወጋ አይጠፋም» አልኋት።

«አይሆንም። ጋኑን» አለችኝ።

እኔ ጋኔን ያለች መሰለኝ። «ትናንት ጂን የለም አላልሽም? ዛሬ ደግሞ የምን ጋኔን ነው የሚከለክልሽ?» ብዬ ጮህሁባት። በለጡ ሣቋ አመለጣት። ጋኑን ማለት በነሱ ቋንቋ ሕግ ማለት ነው። ሐኪም በዓይኑ ላላየው ሰው መድኃኒት አይጽፍም፤ ሕጉ ይኸው ነው። አሁንም ቢሆን ከጋኔን የሚለይበት ብዙ አይታየኝም። አይታይም፣ አይለመንም፣ የሚሞተውም የኔ ልጅ ነው።

ተከራከርኋት፤ ታውቀኝ የለ። «እኔን አየሽኝ። በኔ ደም ውስጥ ያለው በሱም ውስጥ እንዳለ ራስሽ ነገርሽኝ። ታዲያ እሱን ማየት ምን ይጨምርልሻል? ጎጆዬ ከግራም ከቀኝም እያፈሰሰ ግራውን ብቻ ከድነሽ ደኅና እደሪ ትይኛለሽ?» አልኋት። በለጡ ይችን እንኳ ሳትሸራርፍ ተረጎመችልኝ።

ሂያም አልተቆጣችም። ወንበር ሰጠችኝ። ሥራ በጀመረች ዓመት አንዲት ሴት እንደኔው ለምናት፣ አዝናላት፣ ለባሏ መርፌውን ሰጥታት ነበር። መንደር ውስጥ ወጉት። መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ኖሯል። ፊቱ አባበጠ፣ ትንፋሹ ተዘጋ፣ መርፌው ሳይነቀል ሞተ። «ባየው ኖሮ እጠይቀው ነበር» አለችኝ። «ሕጉን እኔም አልወደውም። አንቺን አክሜ እልክሻለሁ፣ ባልሽ ይመጣል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ። ስንቷን እንዲህ አይቻለሁ! ግን ያን ሰውዬም አልረሳውም።»  ንዴቴ አልበረደም፣ እሷን መስደብ ግን አቃተኝ።

ይምጣና ይታይ ነው ነገሩ። እሺ፣ ይምጣ አልሁ። አንተ ከሀዋታ ገዳሪፍ ለመምጣት ተስሪህ ያስፈልግሃል፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ፍተሻው ላይ እንደሚያወርዱህ አምና አይተኸዋል። የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆምሁ። ጸሐፊው ለምንድን ነው የሚመጣው አለኝ። ታሞ አልሁት። የሐኪም ወረቀት አምጪ አለኝ። ሐኪሟ ሳታየው አትጽፍም አልሁት። እንግዲያው ይታይና ይጻፍለት አለኝ። ለመታየት ነው ተስሪህ የምለምንህ ስለው «ማሌሽ»፣ ምን ይደረግ ማለቱ ነው፣ ብሎ ሻዩን አነሣ። በዚያች ማሌሽ ጥርሴን ነክሼ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ ስናደድ የማደርገውን ታውቃለህ። ሕጉ ሰው ይታይ ካለ ሰው ይታይላቸዋ አልሁ። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ለሁለተኛው መርፌዬ ስሄድ በለጡ ለሚካኤል ቀርታለች። አያ አንዳርጌን ለምኜ፣ አንተ ቤት የተውኸውን ጃኬት አልብሼ፣ «ባሌ አስናቀው ይኸው» ብዬ ሂያም ፊት አቆምሁት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው ብዬ ያስመዘገብሁህ እኔው ነኝ። ሂያም ሽበቱን አየች፣ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። «የቀን ሥራ ነው እንዲህ ያደረገው» አልኋት በዚያ በገበያ ዓረብኛዬ። ያሰብሁት መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልላ ታስይዘዋለች፣ እኔ ለሎሪው እሰጣለሁ ብዬ ነው። እሷ እቴ! ቁጭ በል፣ ክንድህን አምጣ፣ ደምህ ይታያል አለችው። አያ አንዳርጌ በሕይወቱ መርፌ ነክቶት አያውቅም። ደሙን ሲያይ «ወርቅውሃ፣ ይሄን አልነገርሽኝም» ብሎ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ውሃ ረጭተን አነሣነው። ጋረደው ይሣቅ፤ እኔም ያን ለት ሥቄያለሁ።

ሣቁ ሳምንት ነው የቆየው። ባለፈው ሐሙስ ለሦስተኛውና ለመጨረሻው መርፌ ስሄድ በለጡም ተመልሳለች። ሂያም ካርዴን ይዛ ፊቷ ጠቁሯል።

«ባልሽ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ምንም የለበትም። ታዲያ አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?»

 የአያ አንዳርጌ ንጹሕ ደም በስምህ ተጽፏል። ማኅተም ተመትቶበታል። ካርዱ ባል ጤነኛ፣ ሚስት በሽተኛ ይላል። እኔ ውጭ ዞሬ የመጣሁ ሴት ሆኛለሁ፤ አንተ ደግሞ ነገ ብትመጣ መርፌ አያስፈልግህም ተብለህ ትመለሳለህ። ሁለታችንንም በገዛ እጄ ዘጋሁብን። በለጡ «የትኛው ባልሽ ነው የመጣው?» ስትለኝ አንደበቴ ተፈታ፤ ሁሉንም ዘረገፍሁት። አንተ ሀዋታ እንደሆንህ፣ የመጣው ዘበኛው እንደሆነ፣ ሁሉንም።

ሂያም ጮኸችብኝ። ልክ ናት፣ ትጩኽ። «ለማላየው ሰው የማልጽፈው ለዚህ ነው» አለች። ከዚያ ካርዱን ቀደደችና ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።  ሀዋታ ገበያው አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ ደም የሚያዩበት ነገር የለውም፣ መርፌው ግን አለው፤ እዚያ ያለው ረዳት ሐኪም ቢያይህ ልክ እሷ እንዳየችህ ይቆጠራል። ይህን ያሰበችው ያን ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ብታስበው ምን ነበረበት? ወረቀት አውጥታ ጻፈች። ስም የለበትም፤ የኔ ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። «ይህን የያዘ ሰው ከበሽተኛዋ ጋር የኖረ ነው፤ መርምረህ አክመው» ይላል።

እኔ ወረቀቱን ሳልቀበል «ሁለት አድርጊው» አልኋት።

እጇ ቆመ። «ስንት ባል ነው ያለሽ?» አለች።

«እኔ ያለኝ ባል አንድ ነው» አልኋት። «እሱ ነው ሁለት ያለው።»

አዎ አስናቀው፣ አውቃለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ራስህ ነህ የጻፍህልኝ። ጋረደው ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ የተባለውን ሁሉ ይጽፋል። ከደብዳቤህ መጨረሻ እንደ ወጉ ሰላምታውን ደረደረው፤ «ታምሬ ሰላም ብሎሻል፣ መንግስቱ ሰላም ብሎሻል፣ ጸሐፊው ጋረደው ሰላም ብዬሻለሁ፣ ሸጊቱም እቤት ሆና ሰላም ብላሻለች።» እቤት ሆና! የማን እቤት? እናንተ ሰፈር ሜዳ ላይ በራኩባ ዳስ ሥር ተደርድራችሁ የምትተኙ አይደላችሁም እንዴ? አራት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ የሎሪውን ሹፌር ብጠይቀው ወደ መሬት አየ። ጋረደው፣ አልተቀየምሁህም። አንተ ባትጽፈው ኖሮ ይች ልጅ መኖሯን አላውቅም ነበር።

ማን ለማን አመጣው ብለህ እንዳትነሣብኝ። ካንተ በፊት ያ ወታደር ባሌ እንደነበር ታውቃለህ፤ ከኔ ሊሆን ይችላል። አንተም ይህን ያህል መኸር ከቤት ርቀህ ከርመሃል፤ ካንተም ሊሆን ይችላል። ሂያምን ጠይቄያታለሁ፣ ደሙ ያንን አይናገርም ብላኛለች። ቁስል የለብኝም እንዳትልም። ቁስሉ ቀድሞ ወጥቶ ሳይታወቅ ይደርቃል፤ በሽታው ግን ደም ውስጥ ተኝቶ ይቀመጣል። ያቃጥለኛል፣ ማንን እንደምራገም እንኳ አላውቅም።

አሁን የማዝህን ስማ። ነገ ጧት ወደ እርሻ ሳትሄድ ጤና ጣቢያው ሂድ። አንድ ቀን ብትቀር ቀጣሪህ አይሞትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካሉት ከሐኪሟ ሁለት ወረቀቶች አንዱን ለረዳት ሐኪሙ ብቻ ስጥ። መርፌ ተወግተህ ያሳከከህ ወይም ትንፋሽ ያጠረህ ጊዜ ካለ ንገረው፤ ጀግና ነኝ ብለህ እንዳትደብቅ። ከተወጋህ በኋላ እዚያው ቁጭ ብለህ ቆይ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለውም ተመለስ። አንዱን ወስደህ ዳንሁ ብለህ እንዳትቀር፤ አውቅሃለሁና ነው። ሦስቱንም ስትጨርስ በወረቀቱ ላይ ማኅተም አስመታ።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። ቆጥሬዋለሁ፤ ነገ ከጀመርህ ሦስቱም ከገና በፊት ያልቃሉ። ማኅተሙን ይዘህ ከመጣህ ቤትህ ነው፤ እንነጋገራለን። ሳትይዝ ከመጣህ በሩ አይከፈትም። አያ አንዳርጌ ከነዱላው ደጄ ላይ እንዲያድር ተስማምተናል፤ ካንተ የተነሣ ደሙን ሰጥቶ ቂም ይዞብሃል። «ይህም ልጅ ካልጸና መንገዳችን ለየቅል ነው» ብለህ በደብዳቤህ አስፍረሃል። ሌሊት ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ይህን ሁሉ የምለፋው አንተን ላለማጣት መስሎኝ ነበር፤ አሁን አሁን ለልጁ ብቻ እንደሆነ እያወቅሁት መጥቻለሁ። እኔ የድርሻዬን ሦስት መርፌ ተወግቻለሁ። የቀረው ባንተ መቀመጫ ላይ ነው። እግዜር ልቡናና ጤና ይስጥህ፤ ልቡናውን ያስቀድም።

ጋረደው፣ ለአስናቀው የሚነበበው እዚህ ላይ አለቀ። ሁለተኛውን ወረቀት ለሱ አትስጠው፤ አፍሮ ኪሱ ውስጥ ያስቀረዋል። ራስህ ሸጊቱ ዘንድ ሂድና ከዚህ በታች ያለውን አንብብላት። እሱም መስማት ካማረው ይስማ።

ሸጊቱ፣ እኔ የአስናቀው ሚስት ወርቅውሃ ነኝ። መልክሽን አላውቅም። ዕድሜሽንም አላውቅም፤ ልጅ ናት አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስምሽን ያነበብሁ ለት ክፉ ተመኝቼብሻለሁ። እኔን ያገኘኝ ያግኛት፣ እኔ እንደቀበርሁ ትቅበር ብያለሁ። ሐሙስ ለት ሐኪሟ የአስናቀውን ወረቀት ስትጽፍ ይኸው የተመኘሁት መጣልኝ፤ ዝም ካልሁ በቃ፣ ይደርስብሻል። ዝም ማለት አቃተኝ። አንቺን ወድጄሽ አይደለም። ሦስቱን ልጆቼን በዓይኔ ስላየኋቸው ነው።

ወረቀቱ ያንቺ ነው። ስም የለበትም፣ ማንም አያፍርብሽም። ፀንሰሽ እንደሆነ ነገ ዛሬ አትበይ፤ ለረዳት ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ንገሪው። ባትፀንሺም ሂጂ። አስናቀው አያስፈልግሽም ቢልሽ አትስሚው፤ ለኔም ደሜ ሙሉ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ካልታከምሽ ልጅ ይሞትብሻል፤ ያን ጊዜ ሾተላይ ናት ይሉሻል። እሱም ይልሻል። ሰው ሁሉ ሲለው አንቺም ታምኛለሽ፤ እኔ አምስት ዓመት አምኛለሁ።

መልስ አትላኪልኝ። ብቻ ሂጂ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔንም።

ወርቅውሃ